ጥግ የሚወድ ድምፅ

መጠርጠር ኃጢአት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እንዲህ የሚሉት ግምጃ ቤት ሠርተው የማያውቁ ናቸው። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ በአንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ሥራዬ በር ላይ ተቀምጦ መጠርጠር ነበር፤ ለዚያውም በደመወዝ። አንድ ሠራተኛ ጠዋት ቀጭን ሆኖ ገብቶ ማታ ወፍሮ ከወጣ፣ ፋብሪካ ሰው አያወፍርምና፣ ከካፖርቱ ሥር ብርድ ልብስ አለ ማለት ነው። ጡረታ ስወጣ ሽልማት ሰጡኝ፤ ብርድ ልብስ። ቤቴ ወስጄ ዘረጋሁትና ዳር ዳሩን መረመርኩት። እንደጠረጠርኩት አንደኛው ጠርዝ ስፌቱ የተዛባ፣ ለገበያ የማይወጣ ነበር።

ይህን የማወራው ልመጻደቅ ብዬ አይደለም። ዕድሜ ልኬን ሰው ስጠረጥር ኖሬ በስተርጅና ተጠርጣሪ እንዴት እንደሆንኩ እንዲገባችሁ ነው። የተጠረጠርኩትም በትንሽ ነገር አይደለም። በዐቢይ ጾም፣ የጎረቤት በግ ሰርቆ በመብላት ነው።

የነገሩ መነሻ ማኅሌት ናት። ማኅሌት የታናሽ ወንድሜ ልጅ ስትሆን በገና ትደረድራለች። አዲስ አበባ ስትኖር በገናውን ባነሳች ቁጥር ከላይ ያሉት ወለል፣ ከጎን ያሉት ግድግዳ እየደበደቡ አላስቀምጥ ቢሏት ወደ እኔ መጣች።

«አክስቴ፣ ያቺን የጓሮ ክፍል ልጠቀምባት?» አለችኝ።

«ለምን?»

«ስቱዲዮ ላደርጋት።»

«አባትሽ ያውቃል?»

«አክስቴ፣ እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም።»

ለማንኛውም ፈቀድኩ። የበገና መዝሙር እንድትቀርጽ ታዝዛለች፤ ሰሙነ ሕማማት ሳይገባ ማስረከብ አለባት። ካላስረከበች ሥራው ለሌላ ይሰጣል፤ እሷም ወደ አዲስ አበባ ተመልሳ ሌላ ሥራ ትፈልጋለች። እኔ ለሰው መሄድና መምጣት ብዙም አልጨነቅም። ግን ሁለት ሳህን ማጠብ ለምጄ ነበር። የለመዱትን መተው ደግሞ ያስቸግራል።

ኮምፒውተሯንና ስፒከሮቿን ተክላ ጥቂት ቀን እንደሠራች ፊቷ ጠቆረ።

«ቤዙ አስቸገረኝ» አለች። ቤዝ የምትለው ወፍራሙን ድምፅ ነው። «ጥግ ጥጉ ላይ እየተከማቸ ቀረጻውን ያደፈርስብኛል።»

«ምኑ ነው የሚከማቸው?»

«ድምፁ።»

በሥራ ዘመኔ ጥግ ላይ ተከማችቶ ያላገኘሁት ነገር የለም። ክር፣ ሳሙና፣ የጠፋ ቁልፍ፣ አንድ ጊዜም የተኛ ዘበኛ አግኝቻለሁ። ድምፅ ግን አላጋጠመኝም። ልጅቷ አንድ የምትደብቀው ነገር አላት ብዬ ጠረጠርኩ።

ጥርጣሬዬ ፊቴ ላይ ታይቷት ይሆናል፣ «ይምጡና ራስዎ ይስሙት» አለችኝ። ከኮምፒውተሯ አንድ ወፍራም ድምፅ ለቀቀች። ዜማ የለው፣ ቃል የለው፤ ዝም ብሎ «ኡኡኡም» የሚል ነው። «አሁን ክፍሉን ቀስ ብለው ይዙሩት።» ዞርኩ። መሀል ላይ ስደርስ ድምፁ ጠፋ። ወደ ጥጉ ስጠጋ ግን ከየት መጣ ሳይባል ደረቴ ውስጥ ገብቶ ጥርሴን አንቀጠቀጠው። ወደ መሀል ተመለስኩ፤ ጠፋ። ወደ ጥግ ሄድኩ፤ መጣ።

«እጅሽን ወደ ላይ አንሺ» አልኳት።

«ምን?»

«ሁለቱንም እጅሽን። እኔ ስዞር አንቺ እየቀነስሽ እየጨመርሽ ይሆናል።»

እጇን እንደ ምርኮኛ አንስታ ቆመች። እንደገና ዞርኩ። ያው ነው። ድምፅ እንደ ሐሜተኛ መሀል ላይ አይታይም፤ ጥግ ይዞ ነው የሚያጉረመርመው። ይህን ከተረዳሁ በኋላ ነገሩ ወደ እኔ ሙያ ተጠጋና ደስ አለኝ።

መድኃኒቱ ጥጉን ከወለል እስከ ኮርኒስ በወፍራምና አየር በሚያሳልፍ ነገር መሙላት ነው አለች። ከውጭ የሚመጣ ስፖንጅ አለ። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ለስፖንጅ ወደ ውጭ መላክ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ውሃ መለመን ነው።

«የበግ ጠጉር አይሆንም?» አልኳት።

ዓይኗ በራ። «እሱማ ይበልጣል!»

ገበያ ወጣሁ። የታጠበ፣ የተባዘተ፣ እንደ ደመና የነጣ ጠጉር አለ። ጭብጥ አድርጌ ብዘረዝረው መሀሉ ላይ የአሮጌ ሹራብ ክር አገኘሁ። ሌላ ከረጢት አስከፈትኩ። ጥጥ አለበት።

«እማማ» አለ ነጋዴው፣ «የሚጠረጥሩት እኔን ነው ወይስ በጉን?»

«ሁለታችሁንም።»

ስለዚህ ያልታጠበውን ገዛሁ። ከመዘዞ የመጣ፣ በጉ ላይ እንዳለ የተሸለተ ጠጉር ነው። ያልታጠበ ጠጉር አይዋሽም። ስቡ እንዳለ ነው፤ ጭቃው እንዳለ ነው፤ እበቱም አልቀረም። ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ዳለቻው፣ ቡናማው በየከረጢቱ ታጭቋል። ማኅሌት አንዱን ከረጢት ከፍታ ቶሎ መልሳ ዘጋችው።

«አክስቴ፣ ይሸታል።»

«በዚህ ብርድ ምን ሽታ ይነሣል? ይታጠብ ብንልስ በዚህ ጉም መቼ ሊደርቅልሽ ነው? ጊዜ የለሽም ብለሻል።»

አናጢ ጠርተን ለየጥጉ የእንጨት ማቀፊያ አሠራን። ጠጉሩን አጭቀን ፊቱን በአቡጀዲ ሸፈንነው። ሲያልቅ ማኅሌት ያን «ኡኡኡም» የሚለውን ድምፅ ለቀቀች። ዞርኩ። መሀል ላይ አለ፤ ጥግ ላይም ያው ነው፤ አይጮኽም፣ አይደበቅም። መጀመሪያ መሣሪያው ተበላሸ ብዬ ነበር።

«አይ፣ ተስተካክሎ ነው» አለች ማኅሌት እየሳቀች። «ወፍራሙ ድምፅ ቀጭኑን ይሸፍነው ነበር። አሁን ተሸፍኖ የነበረው ሁሉ ይሰማል።»

እውነቷን ነው። ስብሰባ ላይ አንድ ጯሂ ካለ ሌላው ምን እንዳለ የሚታወቀው ጯሂው ሽንት ቤት ሲሄድ ነው። ይህን ንግግሯን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ቢኖር ሙቀት ነው። ማኅሌት የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ብላ መስኮቱን ደፍናዋለች፤ መሣሪያዎቹ ቀኑን ሙሉ ይሞቃሉ፤ እሷም ጣቷ በብርድ እንዳይደነዝዝ የኤሌክትሪክ ምድጃ ታበራለች። ጠጉሩ ሞቀው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ በሩን ስከፍት አንድ የማይታይ በግ ተቀበለኝ። ሽታው ግቢውን አልፎ፣ አጥሩን ዘሎ መንገድ ላይ ወጣ። ሰፈሩ በሙሉ ሽሮና ክክ በሚሸትበት በጾሙ እኩሌታ፣ የእኔ ቤት ብቻ የበግ በረት ሸተተ።

በዚያው ሰሞን የወይዘሮ አስካለ የፋሲካ በግ ጠፋ።

ወይዘሮ አስካለ ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤቴ ናቸው። በጉ ዳለቻ ሙክት ነው፤ ወንድማቸው ከእነዋሪ ገበያ ገዝቶ የላከላቸው። ጠዋት ግቢያቸው ውስጥ ታስሮ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ገመዱ ብቻ ቀርቷል። ሰፈሩን ከላይ እስከ ታች አሰሱ። በሦስተኛው ቀን ወንፊት ሊዋሱ እኔ ቤት መጡ። አፍንጫቸው ከእሳቸው ቀድሞ ገባ።

«እንደምን ሰነበቱ እትዬ? ጾሙ እንዴት ይዞዎታል?»

«ደህና ነው። ተመስገን።»

«በእርግጥ?»

በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ስለ ጾሜ «በእርግጥ?» ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም። ወንፊቱን ስሰጣቸው ወደ ጓሮ አንገታቸውን አስግገው፣ «አንድ ነገር ሸተተኝ ልበል?» አሉ።

«የበግ ጠጉር ነው።»

«ጠጉር! ምን ሊያደርግልዎ?»

«ድምፅ ሊይዝልን።»

መልሴን ራሴ ሰማሁት። በሥራ ዘመኔ አንድ ሰው በር ላይ ይዤው እንዲህ ቢለኝ ዘበኛ እጠራ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቤቴ እንግዳ አላጣም። አንዷ ወንፊቱን ልትመልስ ትመጣለች፤ ሌላዋ ማኅሌትን «እንኳን ደህና መጣሽ» ልትል ትመጣለች፤ ማኅሌት ከመጣች ወር አልፏታል። ሁሉም በረጅሙ ይተነፍሳሉ። ቀስ እያለ ወሬ ደረሰኝ። የዚያ ወር የጽዋ ማኅበራችን ተራ የእኔ ነበር፤ «ጽዋው ጾም ከሚሻርበት ቤት ይገባል እንዴ?» እየተባለ ነው። ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሀብት የለኝም፤ ልጅ የለኝም፤ ያለኝ ስሜ ነው፤ እሱም በበግ ሊሄድብኝ ነው።

የወይዘሮ አስካለ ባለቤት አቶ ግዛውም መጡ። እሳቸው አላሸተቱም። ወደ ስቱዲዮው ገብተው በእነሱና በእኛ መካከል ያለውን ግድግዳ አዩ፤ ማይኩን አዩ።

«ይኼ ነገር የውጪውንም ድምፅ ይይዛል እንዴ፣ ልጄ?» አሏት ማኅሌትን።

«ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ብዙም አይይዝም፣ አባባ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና ሄዱ።

ሰው ሁሉ ሲያሸት እሳቸው ያዳምጡ እንደነበር ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ። ግን እኔ በሌላ ጥርጣሬ ተይዤ ነበር። እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ማኅሌትን ጠርጥሬያታለሁ። የከተማ ልጅ ናት፤ ጾም ይረዝምባት ይሆናል። እሷ ስትወጣ ጠብቄ ቆሻሻ መጣያውን በእንጨት ቆፈርኩት። አጥንት የለም። ያ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ጎበዝ ሌባ አጥንት አይተውም።

ነገሩ የፈነዳው ቅዳሜ ነው። ወይዘሮ አስካለ የእኔ በር ሥር ጎንበስ ብለው አንድ ነገር አነሡ። ዳለቻ የበግ ጠጉር ነው፤ ከከረጢቱ የወደቀ።

«ይኼ የእኔ ሙክት ጠጉር ነው!»

«ወይዘሮ አስካለ፣ ዳለቻ በግ የእርስዎ ብቻ አይደለም።»

«አንቺ!» አሉኝ። በኖርንበት ዘመን ሁሉ አንቱ ስንባባል ኖረን፣ ያን ዕለት አንቺ ሆንኩ። «አንቺ ጨዋ መሳይ! ነገ ከቅዳሴ በኋላ መምሬን ይዤ እመጣለሁ!»

ይዘው መጡ። መምሬ ኃይሌ የሁላችንም የንስሐ አባት ናቸው። አቶ ግዛው ከኋላ ከኋላ፣ ሰው እንደሚጎትታቸው ሆነው መጡ። የማኅበሩ ሴቶች ደጅ ቆሙ። ስቱዲዮው ውስጥ ወንበር ያለው አንድ ብቻ ነው፤ የማኅሌት ባለ ጎማ ወንበር። መምሬ መስቀላቸውን እንደያዙ ተቀመጡበትና ወደ ኋላ ተንሸራተው ከግድግዳው ጋር ተላተሙ። ማንም አልሳቀም። ነገሩ ከባድ እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ወይዘሮ አስካለ ጊዜ አላጠፉም። ወደ ጥጉ ሄደው አቡጀዲውን ከላይ ይዘው ሳቡት። የታጨቀው ጠጉር እንደ ናዳ ወረደ። ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ቡናማው፣ ዳለቻው እግራቸውን ቀበረው።

«እኔ አንድ በግ መስሎኝ!» አሉ። «ይኼ እኮ መንጋ ነው!»

መምሬ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ይህ ሁሉ በግ የት ገባ?»

ጠጉር ያለ በግ እንደሚገዛ ለማስረዳት አፌን ስከፍት ማኅሌት ቀደመችኝ። «አባቴ፣ ምን እንደሚሠራ ላሰማዎት። ትናንት የቀረጽኩት ነው፤ እኔም ገና በደንብ አልሰማሁትም» ብላ ከፈተችው።

በገናው ተነሣ። እያንዳንዱ አውታር ለየብቻው፣ ጥርት ብሎ፣ ሳይደፈርስ መጣ። መምሬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደጅ ያሉት ሴቶች ወደ በሩ ተጠጉ። ወይዘሮ አስካለ ሳይቀሩ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚህ በኋላ የሚጠረጥረን የለም ብዬ ሳበቃ፣ በገናው ትንፋሽ በሰበሰበበት ክፍተት ላይ፣ በጣም ከሩቅ፣ አንድ ድምፅ መጣ።

«ባኣኣኣ።»

መምሬ ዓይናቸውን ገለጡ።

«የእኔ ሙክት!» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «እግዚኦ! ሲታረድ ቀርጸውታል!»

ማኅሌት በድንጋጤ ልታጠፋው እጇን ሰደደች። እኔም ለአፍታ፣ የማልክደው ነው፣ ማኅሌትን አየኋት። ግን የግምጃ ቤት ሰው አንድ ደንብ አለው። የተያዘ ዕቃ አንዴ ታይቶ አይታለፍም፤ ይገለበጣል።

«ድገሚው» አልኳት።

«ምን ይደገማል!» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ሰማነው እኮ!»

«ድገሚው። ከፍ አድርገሽ።»

ደገመችው። «ባኣኣኣ» አለ በጉ። ከዚያ ቀጥሎ፣ ድሮ በወፍራሙ ድምፅ ተሸፍኖ በማይሰማበት ቦታ፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ሲያጸዳ ተሰማ። ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም አድርጎ። ሰፈራችን ውስጥ ይህን ሳል የማያውቅ የለም፤ ማታ ማታ ስንሰማው መሸ ብለን በር የምንዘጋበት ሳል ነው። ከሳሉ በኋላም የታፈነ ድምፅ፣ «ዝም በል እንጂ ጌታው። መሄጃችን ዛሬ ነገ ነው» አለ።

አቶ ግዛውን ማንም አላያቸውም። ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን፤ በእኛ አገር ሰው የሚታየው እንደዚያ ነው። እሳቸው ሳላቸው መጣባቸው። ዋጡት።

«ግዛው» አሉ ወይዘሮ አስካለ ቀስ ብለው።

«አቤት።»

«በጌ የት ነው ያለው?»

«ከዚህ ግድግዳ ጀርባ። ቁርጥራጭ ብረት የማስቀምጥበት ቤት ውስጥ።»

«አይጥ አለበት ብለኸኝ?»

«አይጥማ የለም።»

መምሬ ወንበሩን በእግራቸው ገፍተው ወደ መሀል መጡ። «ምን አስበህ ነው፣ አንተ ሰው?»

«ተስዬበት ነው፣ አባቴ። ለአንኮበር ሚካኤል። ለዕለቱ ላደርሰው መኪና እየጠበቅሁ ነው።»

«ስለት ምን ያስደብቃል?»

አቶ ግዛው ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩት። «በጉን የገዛው ወንድሟ ነው።»

«በሰው በግ ነው የተሳልከው?»

«ስሳል በግ አልነበረኝም፣ አባቴ። በኋላ በጉ ሲመጣ ሚካኤል የላከው መሰለኝ።»

ደጅ ካሉት ሴቶች አንዷ ሳቋ አመለጣት። ወይዘሮ አስካለ አልሳቁም። ጠጉር ውስጥ እንደቆሙ ባላቸውን ያዩ ነበር።

«ምን ብለህ ነው የተሳልከው?»

«ተይው አሁን።»

«ምን ብለህ ነው ያልኩህ?»

«ስለ ጉልበትሽ» አሉ አቶ ግዛው። «ክረምቱን ሙሉ ስታቃስቺ አላደርሽም እንዴ?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ማኅሌት የሠራችው ክፍል ስለሆነ ጸጥታው ጥሩ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ማሰላሰል ጀመርኩ። ወይዘሮ አስካለ በግ ፍለጋ ሰፈሩን ከላይ እስከ ታች ስንት ቀን ዞረዋል። የሰፈሩን ዳገት ወጥተዋል፤ ለጠጉር ጎንበስ ብለዋል፤ ያን ያህል አቡጀዲ ቆመው ጎትተዋል። ስለ ጉልበታቸው ግን አንድ ቃል ሲናገሩ አልሰማሁም።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ያዙ፤ እንደተረሳ ዕቃ ዳበሱት። አንዴ አጠፍ፣ አንዴ ዘርጋ አደረጉት። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

«በጉ ይሂድ» አሉ። «እኔም አብሬ እወርዳለሁ።»

ወረዱም። እንደሰማሁት አንኮበር ላይ ከመኪና ወርደው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በጉን የጎተቱት እሳቸው ናቸው። ለፋሲካ ምን እንደሚያርዱ አልጠየቅኋቸውም። ወንድማቸው ግን ነገሩን ሰምቶ፣ ሌላ በግ ከመላኩ በፊት ለማን እንደተሳሉበት እንዲነግሩት ጠይቋል አሉ።

ጽዋው በተራው እኔ ቤት ገባ። ወይዘሮ አስካለ ቀድመው መጥተው ወንበር አስተካከሉ፤ አንቱም አሉኝ። ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ሲወጡ ግን የወደቀውን ጠጉር ወስደው፣ አጥበው፣ ምድጃ ዳር አድርቀው መለሱልን። አሁን ያ ጥግ እንኳ አይሸትም። ከረጢቱን ስረከብ ውስጡን በእጄ ፈተሽኩት። የአሮጌ ሹራብ ክር አላገኘሁበትም።

ማኅሌት ሥራዋን ደግማ ቀርጻ በጊዜው አስረከበች፤ ሌላም ታዘዘች። በጉ ያለበትን ቀረጻ ግን አላጠፋችውም፤ መምሬ አንዳንድ ጊዜ እየመጡ በዚያው ወንበር ላይ ተጠንቅቀው ተቀምጠው ይሰሙታል።

አንድ የተለወጠ ነገር አለ። ያ ክፍል ሰፈሩን ሁሉ ይሰማል የሚል ወሬ ስለወጣ ሰው በእኛ ግድግዳ በኩል ሲያልፍ ድምፁን ይቀንሳል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ወደ ላይኛው መንገድ ሄደው ነው የሚጣሉት። ልጆች እንኳ ኳሳቸውን ይዘው ዞረው ይሄዳሉ። አቶ ግዛው ሳላቸውን ውጠው ውጠው ጉሮሯቸውን ሊያማቸው ነው።

«አክስቴ፣ ይኼን የመሰለ ጸጥ ያለ ስቱዲዮ አዲስ አበባ ቢፈለግ አይገኝም» አለችኝ ማኅሌት ባለፈው።

ልክ ናት። ሰፈራችን እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። እኔ ግን በር ላይ ተቀምጬ ጆሮዬን ወደ መንገዱ አዘንብዬ እውላለሁ። ይህን ያህል ዝም ብለው ምን እየሠሩ ነው?